የማታው ድምፅ ከየት መጣ

ወይዘሮ አሰበች ከበቅሎዋ ሳትወርድ አስቀድማ ያየችው ግራሩ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ ነው። ከገመዱ ሥር አንድ ሰው እጁን የኋሊት ታስሮ ተቀምጧል። ጀለቢያው ተቀዳዷል፤ ከንፈሩ አብጧል።

«ሳይፈረድበት ገመዱን ማን ሰቀለው?» አለች።

በዚያ ሰፈር ያልተጠየቁትን መናገር ቀርቶ የተጠየቁትን መመለስም ያስፈራ ነበር።

ወሩ ታኅሣሥ፣ ዓመቱ 1933 ነው። መተማ በጣሊያን እጅ ናት። አርበኞቹ የሰፈሩት በቋራ ቆላ፣ ከድንበሩ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ጉብታ ላይ ሲሆን አለቃቸው ቀኛዝማች አዛናው ነው። ጀግንነቱን ጠላትም አይክደውም፤ ቁጣውን ግን ከጠላት ይልቅ ወዳጆቹ ቀምሰውታል። ሰፈሩን ከድንበር ማዶ ካለው የወዳጅ ጣቢያ ጋር የሚያገናኘው አንድ ራዲዮ ነበር። ጥይት የሚጠየቀውም፣ የስንቁ ጭነት በየት እንደሚመጣ የሚነገረውም በዚያ በትክትክታው ነው። ሰሞኑን ግን ጭነቱ በወጣ ቁጥር የጣሊያን አውሮፕላን መንገድ ላይ እየጠበቀ ይደበድበው ነበር፤ በሰፈሩ ሰው ሰውን ማመን አቁሟል።

የራዲዮው ሠራተኛ አለነ የቀኛዝማቹ የእህት ልጅ ነበር። ባለፈው ሰኞ ማታ በራዲዮው ጎጆ ውስጥ በመዳብ ሽቦ ታንቆ ተገኘ። ያገኘው ይኸው ከግራሩ ሥር የታሰረው ሷሊህ ነው፤ ከድንበር ማዶ ባትሪና ሽቦ የሚያመጣ ነጋዴ።

ወይዘሮ አሰበች የአገሩ ባለጉልት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በወንበሩ ተቀምጣ ስትፈርድ ኖራለች፤ አንድ ጊዜም ቀኛዝማች አዛናውን ራሱን በመሬት ክርክር ረትታዋለች። የላከችባት የሰፈሩን ስንቅ የምታዘው አየሁሽ ናት። ገዳዩ በዓይን ያልታየ ደም በአገሩ ልማድ የሚጣራው በአውጫጭኝ ነው፤ ሰፈርተኛው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ እውነቱ እስኪወጣም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ቀኛዝማቹ ይህን ልማድ ሊሽር አልደፈረም። ሊያከብረው ግን አላሰበም።

«እስከ ጀንበር መጥለቂያ ጊዜ አለዎት» አላት፣ ከመቀመጫው ሳይነሳ። «ከዚያ በኋላ ይኸ ባንዳ ይሰቀላል።»

«እኔን ለመስማት ነው የተቀመጡት ወይስ ጀንበሯን ለመጠበቅ?»

«የእህቴን ልጅ ቀብሬ ነው የተቀመጥሁት!»

«ነፍስ ይማር። ለሱ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ለእርስዎማ አንድ እርምጃ አልራመድም» ብላ ወደ እስረኛው ሄደች።

ዘበኛው መንገድ ሊዘጋባት ፈለገ፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ሷሊህ ቀና ብሎ አያት።

«ገደልኸው?» አለችው።

«ወላሂ አልገደልሁም፣ እሜቴ። ባትሪ ይዤ መጣሁ። ከደጅ ሆኜ ጠራሁ፤ መልስ የለም። ብገባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ጮህሁ። የገደለ ሰው ይጮሃል?»

«ብልጥ ከሆነ ይጮሃል። ሽቦው ያንተ ነው?»

«እኔ የሸጥሁት ነው። እዚህ ሰፈር ያለው ሽቦ ሁሉ እኔ የሸጥሁት ነው።»

«በዚያ ሰዓት ና ያለህ ማን ነው?»

«ሰጠኝ፣ የቀኛዝማች መልእክተኛ። ‹ሰኞ ልክ ጀንበር ስትጠልቅ ድረስ፤ አለነ ይጠብቅሃል› ብሎ ላከብኝ።»

«ሐሰተኛ!» ብሎ ዘበኛው በሰደፍ ጎሸመው።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችው ወይዘሮ አሰበች። «ደግመህ ብትነካው መጀመሪያ የምጠይቀው አንተን ነው።» ዘበኛው ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰ።

የራዲዮው ጎጆ ከሰፈሩ ዳር፣ በእሾህ አጥር ውስጥ ብቻዋን ቆማለች። ከሁለት ዛፎች አናት የተዘረጋ ሽቦ ወደ ጎጆዋ ይወርዳል። አየሁሽ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

«ሰኞ ዕለት እህሉን መቼ አመጣሽለት?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ። የነቢያት ጾም አይደል፣ ከዚያ በፊት አይቀምስም። ራዲዮው ላይ እያለ ማንም ዝር እንዳይል ቀኛዝማች አዘዋል፤ እኔም ከበሩ አስቀምጬ ነው የምሄድ።»

«በላው?»

«ማታ ስመጣ እንዳለ ነበር። ጉንዳን ወርሶታል።»

«ቀኑን ሙሉ ሳይታይ፣ ጾሙን ሳይፈታ፣ አንቺ አልገባሽም?»

«እሜቴ፣ በዚች በር የገባ ይገረፋል ተብሏል!»

ወይዘሮ አሰበች ጎንበስ ብላ ገባች። ከጠረጴዛውና ከራዲዮው በቀር የረባ ዕቃ አልነበረም። ምንጣፉ እንደ ተጠቀለለ ነው፤ ትግል የተደረገበት ቦታ አይመስልም። የገደለው ሰው ከኋላው ሲቆም አለነ ፊቱን አላዞረም ማለት ነው። አንድ የሚሸጥ የሚለውጥ ነጋዴ ሲገባ ግን ሰው ቀና ብሎ ያያል፣ ዕቃውን ይቀበላል።

«ሲገነዝ ነበርሽ?»

«ከደጅ ነበርሁ። ገናዦቹ እጁን ማገጣጠም አቅቷቸው ሲታገሉ ሰምቻለሁ። እንጨት ሆኖ ነበር አሉ።»

«መቼ ነው ይኸ?»

«ያንኑ ማታ፤ ሷሊህ ጮሆ እንደ ደረስን።»

«በዚህ ቆላ ሙቀት እንኳ፣ አሁን የሞተ ሰው ወዲያው እንጨት ይሆናል?»

አየሁሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለቀኛዝማች ይህንኑ ልል ነበር። ‹አለነ ማታ ከማዶ ጋር በራዲዮ ተነጋግሯል፣ አንቺ ከራዲዮ ትበልጫለሽ?› ብለው ጮኹብኝ። ደግሜ ብናገር ከሷሊህ ጎን ያስሩኝ ነበር።»

«አለነ የሚያስጨንቀው ነገር ነበር?»

«ነበር። ‹ጎረቤት በጆሮዬ እየጮኸ ነው› ይለኝ ነበር። ‹የሩቅ ሰው ድምፅ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ይኸ ግን ከአጠገቤ ያለ ያህል ነው፤ የሚመታውም የኛን ምልክት አይደለም› ይላል። ለአጎትህ ንገር አልሁት። ‹እርግጠኛ ሳልሆን ብነግረው ይገድለኛል› አለኝ። ለአጎቱ ከመናገሩ በፊት ሰጠኝን እንደሚጠይቀው ነግሮኝ ነበር።»

«ሰጠኝን ለምን?»

«ከኛ መካከል ራዲዮ መምታት የሚያውቁ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሱዳን አብረው ነው የተማሩ።»

ሰጠኝ ራሱ ከአጥሩ ውጭ በቅሎውን እያጠጣ ተገኘ። ረዘም ያለ፣ ልብሱ የጸዳ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው።

«እኔን ለምን እንደሚጠይቁኝ አልገባኝም» አላት። «ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወጥቻለሁ። አለነ ራሱ ነው የሸኘኝ። ማታ ማዶ ስደርስ የጣቢያው ሰው ሽኩር ‹አሁን ከአለነ ጋር ተነጋገርን› አለኝ። እኔ የአንድ ቀን መንገድ ርቄ ሳለሁ ልጁ በሕይወት ነበር። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋሉ?»

«አንተ ስትሄድ የሸኘህን አለነን ሌላ ማን አየው?»

«ሰው ሁሉ ተኝቶ ነበር።»

«በቅሎህ ምን ጭና ነበር?»

«የተበላሸውን ትርፍ ራዲዮ። ማዶ አሠርቼ አመጣሁት። እሜቴ፣ እኔ የምመክርዎ ጊዜዎን በኔ ላይ አይጨርሱ። ነጋዴው ለሁለቱም ወገን የሚሸጥ ሰው ነው፤ እነዚህን ሰዎች እናውቃቸዋለን።»

«እኔ ደግሞ ‹እነዚህን ሰዎች› የሚል ሰው አውቃለሁ። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው የሚደብቅ ነው» አለችውና ሄደች።

ሽኩር በአለነ ፈንታ ራዲዮውን እንዲይዝ ከሰጠኝ ጋር ከማዶ የመጣ የጎንደር ልጅ ነው። ሰፈሩን ከረገጠ ወዲህ ፈገግ ብሎ አያውቅም። ወይዘሮ አሰበች አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሰኞ ማታ ምን አለህ?»

«‹ሷሊህ መጣ፤ አቆማለሁ።› ይህን ብቻ።»

«አለነ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«በመጥሪያው፤ ሲጀምር የሚመታው የስሙ ምልክት ነው። እጁ ትንሽ ከብዶ ነበር፤ ጾም አድክሞት ነው አልሁ።»

«እንዴት ሆኖ ተሰማህ?»

ስለ ሥራው የጠየቀው ሰው አልነበረምና ሽኩር ፊቱ ፈካ አለ። «እንደዚያ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም፣ እሜቴ! ሌላ ጊዜ ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ቃሉ ከመካከሉ ይጠፋና መላልሶ ይልካል። ያን ማታ ግን ቀጥ ብሎ መጣ፤ ከጓዳ ሆኖ የሚጠራ ሰው ይበሉት።»

«ሌላ ማታስ?»

ሽኩር ዙሪያውን ገላመጠ።

«ልጄ፣ እዚያ ግራሩ ሥር ላለ ሰው ገመድ ተሰቅሎለታል።»

«ሌላ ማታ አይመጣም» አለ በሹክሹክታ። «ጧት ይመጣል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ግን በኛና በዚህ ጉብታ መካከል ያለው መንገድ ይዘጋል። ለምን እንደሆነ እኔም በቅጡ አላውቅ፤ ሰማዩ ነው ይላሉ ያስተማሩን። ቀኛዝማች ‹ጧትም ማታም ተነጋገሩ› ብለው አዘዋል። ማታ እምቢ አለ ብሎ የሚነግራቸው ጠፋ። አለነ ማታ ማታ ‹ተነጋገርን› ይላቸዋል፤ እኔም ዝም እላለሁ። ያን ማታ ሲመጣ ፈጣሪ ከፈተው ብዬ ደስ አለኝ።»

«የዚያኑ ዕለት ጧትስ?»

«ጧት ጠራሁት፣ ጠራሁት፤ አልመለሰም።»

«ሁልጊዜ የሚመጣው የጧቱ ቀረ፤ መጥቶ የማያውቀው የማታው መጣ» አለች ወይዘሮ አሰበች ቀስ ብላ። «ማታ እንደማይሄድ ከሁለታችሁ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ትርፉ ራዲዮ ምን ሆኖ ነበር?»

«አልተበላሸም እኮ! አንዱ አምፑል ከቦታው ላልቶ ነው፤ ገፋ አደረግሁት፣ ሠራ።»

ወይዘሮ አሰበች ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። ንዴት ሲይዛት ነጠላዋን ታጣፋለች። «ትርፉን ራዲዮ አምጣ። አየሁሽን እዚያ ከሚቀጥለው ጉብታ ጀርባ አድርሰህ ሽቦውን ዘርጋላትና መምቻውን አሳያት። ከጉብታው አናት አጮልቃ ነጭ ጨርቅ ሲውለበለብ ስታይ ወርዳ ትምታ። ጣት ካላት ይበቃል።»

ፀሐይ ወደ ሱዳን ስታዘቀዝቅ ሰፈርተኛው በሙሉ በግራሩና በራዲዮው ጎጆ መካከል ተሰበሰበ። ሷሊህ ከገመዱ ሥር እንዳለ ነው። ሽኩር የአለነን ራዲዮ ከነጠረጴዛው ከጎጆዋ በር ላይ አወጣው፤ ከዛፎቹ የሚወርደው ሽቦ እንደ ነበረ ነው። ቀኛዝማቹ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ጀንበሯ ሄደች» አለ። «የሚናገሩት ካለ ይናገሩ።»

«እርስዎ ሷሊህን ያሰሩት በአንድ ምስክር ነው» አለች። «ሬሳው ደርቆ ተገኘ፤ አላመኑትም። በዘጠኝ ሰዓት የቀረበው እህል ሳይነካ ተገኘ፤ እሱንም አላመኑትም። ምክንያቱም ራዲዮው ‹ማታ አለነ በሕይወት ነበረ› ብሏል። እንግዲህ ምስክሩን እንጠይቀው። ሽኩር፣ ማዶ ጣቢያው ላይ የተውኸውን ጓደኛህን ጥራ።»

ሽኩር መታ። አዳመጠ። ደግሞ መታ። ከማዳመጫው አንዱን ጆሮ ነቅሎ ለቀኛዝማቹ ሰጠው። ቀኛዝማቹ ወደ ጆሮው አስጠጋና ፊቱን አጨማደደ።

«ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል እንጂ ምንም የለም።»

«ሁልጊዜ ማታ እንዲህ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሽኩር። «አንድ ማታ እንኳ ሄዶ አያውቅም። ዋሽተንዎታል።»

ቀኛዝማቹ እጁን አነሣ። ወይዘሮ አሰበች በመካከላቸው ገባች።

«ኋላ ይቆጡታል፤ አሁን ይስሙ!»

«ዛሬ ባይሄድ ሰኞ ሄዶ ይሆናል!» ብሎ ጮኸ ቀኛዝማቹ። «አንድ ቀን ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይቀራል።»

«እውነትዎ ነው፤ ሰማይን የሚያዘው የለም። ስለዚህ እኔ የጠየቅሁት መጣ ወይ ብዬ ሳይሆን እንዴት ሆኖ መጣ ብዬ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይቆራረጣል፤ የሰኞው ግን ንቅንቅ አላለም። ማዳመጫውን አያውርዱ።»

ነጭ ጨርቅ በእንጨት ላይ አስራ ወደ ላይ አወለበለበችው። ጥቂት ቆየ። ድንገት ቀኛዝማቹ ማዳመጫውን ከጆሮው አሽቀነጠረው።

«ምንድን ነው ይኸ? ጆሮዬ ውስጥ ገባ!»

«ይኸ ነው!» አለ ሽኩር። ፍርሃቱን ረስቶት ነበር። «ልክ እንዲህ ነበር ሰኞ ማታ! እንዲህ ቀጥ ብሎ!»

«ያ ከቅርብ የሚመጣ ድምፅ ነው» አለች ወይዘሮ አሰበች። «አየሁሽ ከዚህ ጉብታ ጀርባ ሆና እየመታች ነው፣ በትርፉ ራዲዮ። ሰኞ ማታም ሽኩርን የጠራው ሰው ከዚህ ሆኖ አይደለም፤ ከጣቢያው አጠገብ ካለ ጉብታ ጀርባ ሆኖ ነው። ራዲዮ ይዞ፣ መምታት እያወቀ፣ ያን ማታ ወደ ጣቢያው የተጠጋ ሰው ስንት አለ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሰጠኝ ዞረ።

«አለነን የገደልኸው ጎሕ ሳይቀድ ነው» አለችው። «አብሮህ የተማረ ጓደኛህ ነበርና ጀርባውን ሰጥቶህ ተቀመጠ። ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የሚያመጣለት የለም፤ በቀኛዝማች ትእዛዝ ወደ ውስጥ የሚገባም የለም። ደህናውን ራዲዮ የተበላሸ አስመስለህ ጭነህ ሄድህ። ሷሊህን አስቀድመህ በማታ ቀጥረኸዋል። ማታ አለነ ነኝ ብለህ ‹ሷሊህ መጣ› አልህ። ከዚያ ጣቢያ ደርሰህ የሩቅ ሰው ሆንህ። አለነ በጆሮዬ ይጮሃል ያለው ጎረቤትም አንተ ነህ፤ በዚያው ራዲዮ ለመተማው ጣሊያን የስንቁን መንገድ ስትነግር ነው የሰማህ።»

«ሽኩር ራሱ ቢሆንስ?» አለ ሰጠኝ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ድምፁ ግን ገና ጸንቷል። «ሰማሁ ያለው እሱ ብቻ ነው!»

«ሽኩር ጎሕ ሲቀድ ማዶ ነበር። ደግሞም የሚዋሽ ሰው ‹እንደ ወትሮው ሰማሁ› ይላል፤ ተሰምቶ በማያውቅ ሰዓት፣ ተሰምቶ በማያውቅ ጥራት ሰማሁ ብሎ ራሱን አያስጠረጥርም። ማታ ድምፅ እንደማይሄድ ቢያውቅ ኖሮ ገዳዩ ጧት በላከ ነበር። ገዳዩ ይህን የማያውቅ ሰው ነው።»

«አለነ ሁልጊዜ ማታ ተነጋገርን ይል አልነበረም ወይ?» ብሎ ጮኸ ሰጠኝ። «እዚህ ስሆን በየማታው ሲል ሰምቼዋለሁ! ለኔም ዋሽቶኛል! ወንድሜ እያልሁት...»

አፉን በእጁ ያዘ። ቃሉ ግን ወጥቷል፤ ያላወቀው ሰው እሱ እንደሆነ በራሱ አፍ መሰከረ። ከኋላ አንዲት ሴት በለቅሶ ፈነዳች። ሰጠኝ ወደ በቅሎው ሮጠ፤ አጥሩ ጋ የነበሩት ሰዎች አንቀው ያዙት። ሲያስሩት እየተራገመ ነበር፤ ቀኛዝማቹን፣ አለነን፣ ሽኩርን፣ ራዲዮውንም ሳይቀር ረገመ።

ቀኛዝማቹ ገመዱን አየና ወደ ሰጠኝ ጠቆመ።

«የለም» አለች ወይዘሮ አሰበች። «ዛሬ ማታ በዚህ ግራር ላይ ማንም አይሰቀልም። ይመርመር፤ ማን ከማን ጋር እንዳለ ይናገር፤ ፍርዱ በችሎት ይሆናል። እርስዎ ገመድ ሲያዩ አእምሮዎ ይጨልማል።»

እንዲህ ብሎ የተናገረው ሰው ኖሮ አያውቅም። ሰዉ ቀኛዝማቹ ሽጉጡን ሲመዝ ለማየት ጠበቀ። እሱ ግን ወደ ሽኩር ዞረ።

«ማታ ራዲዮው እንደማይሠራ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ሽኩር መሬት መሬት አየ። ቀኛዝማቹ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «አለነ ለምን አልነገረኝም? አጎቱ አይደለሁም? ጎረቤቱ ሲጮህበት ለምን ወደ ገዳዩ ሄደ?»

ማንም ትንፍሽ አላለም። አየሁሽ ከጉብታው ወርዳ ላብ በላብ ሆና ደርሳ ነበር፤ የመጨረሻውን ሰምታለች።

«አሁንስ ማን መለሰልዎ?» አለች።

ቀኛዝማቹ ወደ ግራሩ ሄደና በራሱ እጅ የሷሊህን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ስለ ጠበቀ ብዙ ፈጀበት። ሷሊህ ክንዱ ተፈትቶም አልታጠፍ አለው፤ እንደ ደረቀ ወደ ኋላ ቀረ። ቀኛዝማቹ ደግፎ አስነሣው።

«ይቅር በለኝ፣ ሷሊህ። በቅሎዬን ውሰድ፣ ቤትህ ያድርስህ።»

ሷሊህ የሰውየውን እጅ ከክንዱ ላይ ቀስ ብሎ አነሣው።

«አላህ ይቅር ይበልዎ፣ ጌታዬ። እኔ ግን ገና አልቻልሁም» አለ፤ የድንበሩንም መንገድ በእግሩ ጀመረው።